ያረጀ ሕንፃ እንዴት የቅንጦት ቤት ይሆናል? ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታይ ጉዳይ

በሪል እስቴት ማስታወቂያ ላይ «ሎፍት» የሚለውን ቃል አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ካላችሁ፣ ጥያቄያችሁ ደስ ይለኛል፤ ስለ እሱ ለማውራት ምክንያት እፈልግ ነበር። ማስታወቂያው በዚህ ስም የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጣሪያው ከፍ ያለ አዲስ አፓርታማን ነው። እውነተኛው ሎፍት ግን ዕድሜ ያለው ነው። አንድ ሕንፃ የተሠራለት ሥራ ያበቃል፤ ሕንፃው ግን ገና ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሰው ይገባበታል፣ ይኖርበታል፣ ከጊዜ በኋላም በከተማው ውስጥ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቤቶች አንዱ ይሆናል። ይህ እንዴት እንደሚሆንና በእኛ አገር ይሆን እንደሆነ ላጫውታችሁ። መንገዳችን ከኒውዮርክ ተነሥቶ፣ እንጦጦ ወጥቶ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ይወርዳል።

በኒውዮርክ ሶሆ የሚባል ሰፈር አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘኖችና የእጅ ሥራ ፋብሪካዎች የሞሉበት ነበር። የሕንፃዎቹ ፊት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ብረት ነው፤ ክፍል ክፍሉ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይመጣና በቦታው ይገጣጠማል። ብረቱ ጭነቱን ስለሚሸከም ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ መወፈር አላስፈለገውም፤ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ መስኮት ሆነ። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን ልብስ ሰፊው መርፌውን የሚያየው ከመንገድ በሚገባ ብርሃን ነበር፤ ሕንፃው ደግሞ ወደ ውስጥ ጥልቅ ስለሆነ ብርሃኑ መሐል ድረስ እንዲደርስ መስኮቱም ጣሪያውም ከፍ ማለት ነበረበት። ዛሬ ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ከፍታና ብርሃን በመጀመሪያ ለሠራተኛ እጅ ሲባል የተሠራ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ እየለቀቁ ሄዱ። ባዶ የቀሩትን ወለሎች በርካሽ የተከራዩት ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ነበሩ። ትልልቅ ሸራ ለመዘርጋት ሰፊ ቦታ፣ ለማየት ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋቸው ነበር። በሕጉ ሰፈሩ የፋብሪካ እንጂ የመኖሪያ ስላልነበረ ማደሪያቸውን ይደብቁ ነበር። በዚያ ላይ የከተማውን መንገዶች ያቅድ የነበረው ሮበርት ሞዝስ ሰፈሩን የሚያቋርጥ ሰፊ አውራ ጎዳና አሰበ። ጄን ጄከብስን የመሰሉ ተሟጋቾችና ነዋሪዎች ለዓመታት ታገሉት፤ ዕቅዱም እ.ኤ.አ. በ1969 ቀረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዶናልድ ጃድ የተባለው ቀራፂ በስፕሪንግ ጎዳና ላይ በ1870 የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ የብረት ሕንፃ ከ70 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ገዝቶ ነበር። ጃድ ፎቆቹን ወደ ክፍሎች አልሸነሸናቸውም። አንዱን ወለል መኝታ፣ አንዱን መመገቢያ፣ አንዱን መሥሪያ አድርጎ የሕንፃውን ሰፊ አንድነት ጠበቀለት። ቤቱ ዛሬም በስሙ በተቋቋመው ፋውንዴሽን እጅ ለጎብኚ ክፍት ነው።

ሕጉ የመጣው ከሰዎቹ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማው አርቲስቶች በሶሆ እንዲኖሩ ፈቀደ፤ በ1973 ሰፈሩ የታሪክ ጥበቃ አገኘ፤ በ1982 ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮችን የሚጠብቅ የሎፍት ሕግ በክፍለ ግዛቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ተሰቀለ። ሰፈሩን ያዳኑት አርቲስቶች ብዙዎቹ ለቀቁ፤ ባለገንዘቡ ገባ። ይህን ክፍል አስታውሱልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ አናጺው ጥያቄ እንምጣ። ሎፍትን የቅንጦት ቤት የሚያደርገው በትክክል ምንድን ነው? አንደኛው ከፍታ ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ከወለል እስከ ኮርኒስ ሦስት ሜትር አይሞላም። ሎፍት አራት ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። አራት ሜትር ተኩል ካላችሁ ከአዳራሹ ከፊሉ ላይ ሁለተኛ ወለል መሥራት ትችላላችሁ፤ ሪል እስቴቶች ሜዛኒን የሚሉት እሱ ነው፤ በገጠር ቤት ቆጥ እንደሚሠራው ከታች ሰው ይቀመጣል፣ ከላይ ይተኛል። ሁለተኛው የወለሉ ጥንካሬ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሰላ በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ገደማ ተንቀሳቃሽ ጭነት እንዲሸከም ይታሰባል። መጋዘን ግን የተሠራው ለጥጥ ጥቅልና ለማሽን ነው፤ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይችላል። ስለዚህ የመታጠቢያ ገንዳ ብታስገቡበት፣ መጽሐፍ በግድግዳ ሙሉ ብትደረድሩበት አይሰማውም። ሦስተኛው የመካከል ግድግዳ አለመኖሩ ነው፤ ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ስለሆኑ እንደ ልባችሁ ታዘዋውራላችሁ። አራተኛውን በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ እሱም ጊዜ ነው። መቶ ዓመት የረገጡት ጣውላ በአንድ ዓመት አይሠራም።

እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕንፃ አለ ወይ?

መልሱን እንጦጦ ላይ ሆኖ መፈለግ ደስ ይላል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ሰው ለብስክሌት፣ ለፈረስ፣ ለንጹሕ አየር ይወጣል። በዚያው ጋራ ላይ በእንጦጦ ማርያም በኩል የዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚደነቀው በትሕትናው ነው፦ እንጨትና ጭቃ፣ ነጭ ልስን፣ የሣር ክዳን፣ አነስተኛ መስኮቶች። እኔ ግን ይህን ቤት እንደ ድህነት ማሳያ ማየት ስህተት ነው እላለሁ። የጋራውን ብርድ በሚገባ የሚያውቅ ሰው የሠራው ቤት ነው። እንጦጦ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የከዋክብት መመልከቻው (ኦብዘርቫቶሪው) የተተከለበት ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። መሐል ከተማው 2,300 እና 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ጋራው ከታች ካለው ሰፈር በአምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። መስኮቱ ያነሰው ሙቀቱን ለመያዝ ነው።

ያም ሆኖ ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ከጋራው አስወረዳቸው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ቤተ መንግሥቱም ወደ ታች ወረደ። በጋራው ላይ የነበረው የጽድ ደን ለቤትና ለማገዶ ተመንጥሮ ስለነበር ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ዛሬ ፓርኩ ውስጥ የምናየው ዛፍ አብዛኛው የዚያ ታሪክ ነው። ለግንበኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አሮጌ ቤት ስትገቡ ምሰሶው ከየትኛው እንጨት እንደሆነ ጠይቁ፤ የቤቱን ዕድሜና የቀረውን ዘመን ግማሹን ይነግራችኋል።

ቆርቆሮ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ተወለደ። መጀመሪያ በእንስሳት ጀርባ፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በፉርጎ የተጫነው ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ትልቅና ቁልቁለታማ ጣሪያ ለመሥራት አመቸ። የአርመንና የሕንድ ግንበኞች ከአገሬው አናጺ ጋር ሆነው የመኳንንቱን ቤት ሠሩ፦ ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ላይኛው ደርብ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን ሰፊ የጣውላ በረንዳ፣ የጣሪያው ጠርዝ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ። ወጥ ቤቱ ለብቻው በጓሮ ነበር፤ ጭስና እሳት ከእልፍኝ መራቅ አለባቸውና። የአዲስ አበባ የራሷ ቅርስ ይህ ነው። በብረትና በጡብ የተገነባ ባለ አምስት ፎቅ መጋዘን አልነበረንም፤ ስለዚህ ሶሆን እዚህ መፈለግ ዋጋ የለውም። የኛ ሎፍት ሊወለድ የሚችለው ከእነዚህ ባለ በረንዳ ቤቶች ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር ግን ልጨምር፤ ለእኔ እጅግ ደስ ስለሚለኝ። ባቡር የደረሰበት ሁሉ መጋዘንና ወርክሾፕ ቀርቷል። ለገሃር ላይ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ ዙሪያው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ታቅዷል። ድሬዳዋ ደግሞ ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ወርክሾፖቿ ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፊ መስኮት ያላቸው፣ ማሽን የሚሸከም ወለል ያላቸው ናቸው። ቃሉ በትክክለኛ ትርጉሙ የሚሠራ ሎፍት ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ቀን ከተሠራ፣ በድሬዳዋ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የመኳንንቱ ቤቶች ምን ሆኑ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በብዙዎቹ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ አዳራሹ በጣውላና በኮምፖርሳቶ ተከፈለ፤ በረንዳው ተዘግቶ ክፍል ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቤት የብዙ ቤተሰብ ጎጆ ሆነ። ይህን የምለው ነዋሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆሙት እነሱ ናቸው። ኪራዩ ግን እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ከየትም አይመጣም፤ ቆርቆሮው ሲያፈስ ዓመት ሙሉ ያፈሳል።

አሁን ከዚህ የተለየ ዕድል ያገኙትን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ከእንጦጦ ሥር ናቸው።

የመጀመሪያው ገነተ ልዑል ነው፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ያሠሩት መኖሪያ ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ነው። ፋሺስቶች ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመታቸው አንድ እርከን አድርገው የሠሩት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ዛሬም ከፊት ለፊቱ አለ፤ ከነፃነት በኋላ በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በነበረው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባለሥልጣናት የተገደሉት በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሕንፃውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ የሚገኙት በዚሁ ሕንፃ ነው።

ሄዳችሁ ካላያችሁት እባካችሁ ሂዱ። የቤተ መጻሕፍቱን ጸጥታና የሕዝቦችን ባህል የሚያሳዩትን አዳራሾች አልፋችሁ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ትደርሳላችሁ። አልጋው፣ ልብስ መቀየሪያው፣ ገንዳው እንዳለ ነው። መስታወቱ ላይ በግልበጣው ጊዜ የተመታበት የጥይት ቀዳዳ ይታያል። ያን ቀዳዳ ያየ ሰው አሮጌ ሕንፃ ለሌላ ሥራ ሲውል የፊተኛውን ሕይወቱን ጠብቆ መሄድ እንደሚችል ይገባዋል። አንድም ነገር ሳይፋቅ ተማሪው ያጠናል፣ ጎብኚው ይማራል፣ ጣሪያው ይጠገናል። ለእኔ በአዲስ አበባ የተሳካው ለውጥ ይህ ነው፤ ሌላ ምሳሌ እስከ ዛሬ አልበለጠውም።

ሁለተኛው ምሳሌ የካ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት ልዑካን በከተማዋ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ሰፋፊ ቦታ ሰጡ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የእንግሊዝ ለጋሲዮን መጀመሪያ ሣር የለበሱ የጭቃ ጎጆዎች ነበሩት፤ ዝነኛው ተጓዥና ጸሐፊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ከእነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ከዚያ የድንጋይ ቤት ተተካ። አምባሳደሮች ትውልድ ሲቀያየሩ ኖረውበታል፤ ሰው የማይጎድልበት ቤት ስለሆነም ቆርቆሮው በጊዜው ይቀየራል፣ እንጨቱ ቀለም ይቀባል። በየካ ያሉት የአሮጌ ለጋሲዮን ቤቶች በአገራችን ታሪካዊ ቤት በተሟላ ምቾት የሚኖርበት ምሳሌ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አጥሩ ግን ረጅም ስለሆነ እኛ አናያቸውም።

ሦስተኛው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ፒያሳ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ የሚታወቅ፣ ማንም ከፍሎ ሊያድርበት የሚችል ቤት። ሰፊው የእንጨት ደረጃ፣ ከፍ ያለው ኮርኒስ፣ የሚያቃስተው ጣውላ ወለል፤ ይህ ሁሉ ሎፍት ገዢዎች በሌላ አገር የሚፈልጉት ነገር ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከሕንፃው ከፊሉን በልቶት ነበር። የእንጨት ቤት ትልቁ ጠላቱ እሳት ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ መጀመሪያ ገንዘብ መፍሰስ ያለበት በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ነው፤ ሻወሩና መስታወቱ በኋላ ይደርሳሉ።

ከአዲስ አበባ ውጭ ሐረር ጁገልን ሳላነሣ አላልፍም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጁገል ግንብ ውስጥ ያሉ የሐረሪ ቤቶች አንዳንዶቹ ባለቤቶቻቸው እየኖሩባቸው እንግዳ የሚያሳድሩ ሆነዋል። ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄደው ነደባ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት፣ ቀይ መሬቱ ሳይነካ መታጠቢያ ብቻ ተጨምሮላቸዋል። በሰሜን ሸዋ አንኮበር ደግሞ በምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ የድሮውን መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ አለ። አካባቢውም እይታውም ድንቅ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ግንባታ ነውና ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ አልቆጥረውም።

እንግዲህ አንድ የመኳንንት ቤት ተረክባችሁ አድሳችሁ መኖር ብትፈልጉ ምን ያጋጥማችኋል? እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማገኛቸው ግንበኞች ጋር ስነጋገር አንድ ነገር ሁልጊዜ ይነሣል፦ ሲሚንቶ። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ልስኑ ጭቃና ኖራ ሲሆን እርጥበቱ በልስኑ በኩል ይወጣና ይደርቃል። ሰው «ቤቴን ላጠንክር» ብሎ በሲሚንቶ ሲለስነው መውጫው ይዘጋል። ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ ጭቃው ይለሰልሳል፤ ከሥር ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፤ ጭቃው ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቅና በስንጥቁ የክረምት ዝናብ ይገባል። ከውጭ ጠንካራ የሚመስል ቤት ከውስጥ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ የቆየው ኖራ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ እየታደሰ።

ሌላው ውሃ ነው። ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት የለም። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል። ያን በአሮጌ የእንጨት ደርብ ላይ ወይም በቆርቆሮው ሥር ባለው ወጋግራ ላይ ማስቀመጥ ቤቱን መግደል ነው፤ ከቤቱ ተነጥሎ በራሱ የብረት መቆሚያ ላይ በጓሮ መቆም አለበት። ምጣድም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስትና አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ በድሮው ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ በእንጨት ግድግዳ ውስጥ ያለ የጋለ ሽቦ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። የጥንቱ ሰው ወጥ ቤቱን ወደ ጓሮ ያወጣው በከንቱ አልነበረም። በሎፍት ፋሽን ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ይሆናል፤ በኛ አገር ግን የሽንኩርት ቁሌት፣ የበርበሬና የእጣን ጭስ አለ፤ አዳራሹ ሰፊ ቢሆንም የራሱ መተንፈሻ የሌለው ወጥ ቤት መጋረጃውንም መጽሐፉንም በጭስ ያጠግባል።

ብርሃኑን በተመለከተ ግን አዲስ አበባ ልዩ ስጦታ አላት። ከተማዋ ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ደቡብ ትወርዳለች። በኅዳርና በጥር፣ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ የደቡቡን በረንዳ የዘጋውን ጣውላና ቆርቆሮ አንሥታችሁ መስታወት ብትተክሉበት ቤቱ ያለ ማሞቂያ ይሞቃል። በሰሜን በኩል፣ ጋራውን በሚያየው፣ ግድግዳውን ሙሉ ተዉት፤ የምኒልክ ግንበኞች እንጦጦ ላይ ያደረጉትን ማለት ነው።

ሕጉስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት የተያዘ ቤት ላይ ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ማግኘትን ግዴታ ያደርጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላውን ክፍል ነው፤ የጥገናው ወጪ ከባለይዞታው አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይኸው አዋጅ ይላል። በተግባር ይህን አንቀጽ ይዞ የሚጠይቅ ሰው እንዲበዛ እመኛለሁ።

እዚህ ላይ ሶሆን አስታውሱ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳ የተነሡትን ቤቶች ሁላችንም አይተናል፤ የቀሩት አሮጌ ቤቶች ዋጋቸው ከዚያ ወዲህ በሁሉም ዓይን ጨምሯል። ባለሀብት መጥቶ አንድ ባለ በረንዳ ቤት አሳምሮ ቢያድስ ደስ ይለኛል፤ ቤቱ ከመፍረስ ይድናልና። ነገር ግን በውስጡ ለሃምሳ ዓመት የኖሩት የቀበሌ ተከራዮች መጀመሪያ በቂና ቅርብ ቤት ማግኘት አለባቸው። ኒውዮርክ ለተከራዮቹ ሕግ ያወጣችው ከዘገየች በኋላ ነው፤ እኛ ከመጀመሪያው ማድረግ እንችላለን። ይህን ሳያደርግ የሚሠራን የቅንጦት ቤት እኔ አልደግፍም።

ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም አክስቱ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ልለምን። ከመጪው ክረምት በፊት ቆርቆሮውን አስፈትሹ፤ የግድግዳውን ሥር በእጃችሁ ዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ግንበኛው ሲሚንቶ ይዞ ከመጣ መልሱት፤ ኖራ እንዲያመጣ ንገሩት። ቤቱንም ከነበረንዳው፣ ከነደረጃው፣ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሡትና ለከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ወስዳችሁ በቅርስነት ይመዝገብልን በሉ።